እርጥብ እግር ላይ ካልሲ አይጠለቅ

ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሮቤ፣ ከእርሷም ከፍ ባለችው ጎባ ለፈጅር ሶላት ውዱእ ማድረግ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። ውሃው አጥንት ይሰብራል። እግራችንን ታጥበን፣ እየተንቀጠቀጥን፣ ሳናደርቅ ካልሲያችንን እናጠልቃለን። ጫማ እንደርብበትና በዚያው እስከ ዙህር እንውላለን። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ይህንኑ ልማዳችንን ነው።

በጣቶቻችን መካከል የቀረ ውሃ በጫማ ሙቀት ታፍኖ ሲውል ቆዳው ነጭ ሆኖ ይላላል፤ ፈንገስም የሚወደው ይህን ነው። መጀመሪያ ያሳክካል፣ ቀጥሎ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ጀርም ከገባ እግር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ትኩሳትም ያመጣል። «የውዱእ ውሃ አይጠረግም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። በሻፊዒይ ፊቅህ መጥረጉን መተው ይመረጣል የተባለው ምክንያት ለሌለው ሰው ነው፤ ብርድ ደግሞ በቂ ምክንያት ነው። የባሌ ብርድ ምክንያት ካልሆነ የየት አገር ብርድ ሊሆን ነው? ብቻ ማድረቂያችሁ ከቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ቁራጭ ጨርቅ ይሁን። ብዙ ሰው የሚጠርግበት የጋራ ፎጣ የአንዱን ፈንገስ ለሌላው ያድላል።

ካልሲ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ዕቃው ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በግብፅ የተገኙ ከ1600 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሱፍ ካልሲዎች ዛሬ ለንደን ሙዚየም ውስጥ አሉ። ከሰንደል ጋር እንዲለበሱ አውራ ጣታቸው ለብቻው ተከፍሏል። የናይለን ስቶኪንግ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ነው። ናይለን ይጠነክራል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ ላብ ግን እምብዛም አይመጥም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞ እንኳ እግርን ያሞቃል። በጎች በሞሉበት አገራችን ናይለን ለብሰን እግራችን መቀዝቀዙ ይገርመኛል። ሱፍ ካጣችሁ ጥጥ የሚበዛበትን ምረጡ።

የእግር ልብስ ነገር ከተነሳ፣ ነጃሺ ለነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ጥቁር የቆዳ ኹፍ በስጦታ እንደላኩላቸው፣ እርሳቸውም ለብሰው በላዩ ላይ እንዳበሱ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በኹፍ ላይ ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከሌሊቶቹ ተፈቅዷል። ስስ ካልሲ ላይ ማበስን በተመለከተ ግን ዑለማዎች ስለሚለያዩ ሸኻችሁን ጠይቁ። ማበስ የተፈቀደበት ጊዜ ገደብ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በላብ የራሰ ካልሲ አውልቆ እግርን መታጠብን የከለከለ የለም።

እህቶች በሶላት እግራቸውን ለመሸፈን የሚለብሱት ካልሲ ለብቻው ቢቀመጥና ቶሎ ቶሎ ቢታጠብ መልካም ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ምልክት የሚያስቀር ጠባብ ላስቲክ ያለውን ተዉት።

ከሁሉም በላይ የምሰጋው ስኳር በሽታ ላለባቸው አባቶችና እናቶች ነው። በሽታው ሲቆይ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቢያቆስላቸው፣ ከሰል ምድጃ ዳር እግራቸውን ሲያሞቁ ቢቃጠሉ ላይታወቃቸው ይችላል። ስለዚህ እግራቸውን በካልሲ እንጂ በእሳት አያሙቁ። ካልሲያቸው ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ያለው ይሁን፤ ደም ወይም መግል ሲነካው ወዲያው ይታያል። ስፌቱ ጣት የሚጫን ከሆነ ገልብጠው ይልበሱት። እናንተ ልጆች ደግሞ ማታ ካልሲያቸውን ስታወልቁላቸው ውስጥ እግራቸውንና የጣቶቻቸውን መካከል በብርሃን ተመልከቱ። ቁስል ካገኛችሁ፣ «አያመኝም» ቢሉም፣ ሳታሳድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።