ሰሌዳው ከሌላ ክልል፣ ዕዳው ከማን?

ከገደብ ወረዳ ቡና ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ይርጋጨፌንና ዲላን አልፎ ሲዳማ ክልል ይገባል፤ ከሐዋሳ በኋላ ደግሞ ኦሮሚያን አቋርጦ መዲናዋ ይደርሳል። በአንድ ጉዞ አራት አስተዳደሮችን ይረግጣል። ከባቱ ጀምሮም በክፍያ መንገድ መሄድ ይችላል። ሾፌሩ በአንዱ አስተዳደር ሳይከፍል የቀረው ዕዳ ቢኖርበት፣ በሌላው እንዴት ይጠየቃል? ጥያቄው እስካሁን ከሕግ ይልቅ በአጥር የተመለሰ ነው።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት የጀመረው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ተጠቃሚው ሲገባ ትኬት ይቀበላል፤ ሲወጣ እንደ ርቀቱና እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ይከፍላል። መውጫው ላይ የተጋደመው መዝጊያ የሚነሳው ከክፍያ በኋላ ስለሆነ፣ የሰሌዳው ክልል የትም ይሁን የት ለውጥ የለውም። ሰልፉ ግን የዚሁ ዋጋ ነው። ሰልፉን ለማስቀረት መዝጊያው ተነሥቶ ካሜራ ቢተካ፣ በዚያው ዕለት ያልተከፈለ ዕዳ የሚባል ነገር ይወለዳል።

ያ ዕዳ ምን እንደሚመስል ለመገመት የትራፊክ ቅጣትን ማየት ይበቃል። የተለመደው ዘዴ መንጃ ፈቃድ መያዝ ወይም ሰሌዳ መፍታት ነው። የአካባቢው ሾፌር በማግሥቱ ከፍሎ ንብረቱን ይወስዳል። የገደቡ ሾፌር ግን ከፍሎ ለማስመለስ ከተያዘበት ከተማ ማደር ወይም ተመልሶ መምጣት አለበት፤ ከዲላ አዲስ አበባ ብቻ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ቅጣቱ ሁለት ይሆናል። «ነገሩን እዚሁ እንጨርስ» የሚለው የመንገድ ዳር ድርድርም ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነው። የመንጃ ፈቃዱ መያዝ ዋስትና እንጂ ፍርድ አይደለም፤ በተግባር ግን የሚቀጣው ርቀትን ነው።

ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ መንገዶችን የማስተዳደርና የመቆጣጠር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(9) ለፌዴራል መንግሥት ተሰጥቷል። የሚጎድለው ሥልጣን ሳይሆን መዝገብ ነው። የቀድሞው የደቡብ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲያከትም ጌዴኦ ዞን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተካቷል፤ በአሮጌው ክልል ስም የተሰጡ ሰሌዳዎች ግን ከዚያም በኋላ መንገድ ላይ ቆይተዋል። የዕዳ ማስታወቂያ ለየትኛው ቢሮ ይላክ?

በአሜሪካ ሜይን፣ ኒው ሃምፕሻየርና ማሳቹሴትስ የአንዱን ግዛት የመንገድ ክፍያ ዕዳ ሌላው እንዲያስከብር በስምምነት ተሳስረዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሳይከፍል የሄደን ተሽከርካሪ ባለቤት መረጃ አባል አገሮች እንዲለዋወጡ አድርጓል። ሉዓላዊ አገሮች የተስማሙበት ጉዳይ በአንድ ፌዴሬሽን ውስጥ ላሉ ክልሎች ሊከብድ አይገባም።

በኢትዮጵያ ቀላሉ መንገድ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራው ነው። ቦሎ ለማግኘት እያንዳንዱ ባለንብረት በየዓመቱ ይቀርባል፤ ዕዳው በዚያው ቢታይና ቢከፈል ሾፌሩን መንገድ ላይ ማገት አያስፈልግም። አደጋውም አለ። ያጠፋው ሾፌሩ ሆኖ የሚከፍለው ባለንብረቱ ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ተሽጦ ዕዳው ለገዢው ሊተርፍም ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው ቦሎው ከመታደሱ ወራት ቀድሞ መድረስ፣ ተቃውሞውም ተሽከርካሪው በተመዘገበበት ከተማ መሰማት አለበት። ለዲላ ባለንብረት ይግባኙ ሞጆ ከሆነ አሮጌው ችግር ስሙን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው።

ወደ መዝገቡ የሚገባው ዕዳ ዓይነትም መገደብ ይኖርበታል። በየከተማው መግቢያ ገመድ ተዘርግቶ ከጭነት መኪና የሚሰበሰበው የ«ኮቴ» ክፍያ፣ ሕጋዊ መሠረቱ ሳይጣራ ከቦሎ ጋር ከተያያዘ፣ ሕገ ወጡ ኬላ ከመንገድ ተነሥቶ ኮምፒውተር ውስጥ ይተከላል።