«አልተሰበረም» የተባለው ትከሻ

እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2018 ኪየቭ ላይ የሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ሲካሄድ ሰርጂዮ ራሞስና ሞሐመድ ሳላህ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው ወደቁ፡፡ ሳላህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ተጫውቶ ትከሻውን ይዞ እያለቀሰ ወጣ፡፡ ያን ዕለት ማታ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የነበረው የሊቨርፑል ደጋፊ ሁሉ የትከሻ ሐኪም ሆኖ አመሸ፡፡ አንዱ «ወልቋል» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ጅማቱ ነው» ይላል፣ ሦስተኛው «በቃ ዓለም ዋንጫ አመለጠው» ብሎ ያዝናል፡፡ ሳላህ ግን የኡራጓይ ጨዋታ ብቻ አምልጦት በሩሲያው ግጥሚያ ተሰለፈ፤ ፍጹም ቅጣት ምትም አገባ፡፡ ሁላችንም እፎይ አልን፤ ስለ ትከሻ ማውራታችንንም እዚያው ላይ አቆምን፡፡

ሳላህ እንጀራውን የሚበላው በእግሩ ነው፡፡ በትከሻው የሚበላው በረኛው ነው፡፡ የበረኛ ትከሻ ሲጎዳ ግን የሚያለቅስለት የለም፡፡ በእኛ አገር ሜዳማ ጭራሽ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ተሰብሯል ወይስ አልተሰበረም?» አልተሰበረም ከተባለ ይታሸጋል፣ ይረጭበታል፣ ይታሰራል፣ በቀጣዩ ሳምንት ይገባል፡፡ ዛሬ የምንጽፈው ስለዚህችው «አልተሰበረም» ስለምትባል ቃል ነው፡፡ ስንቱን በረኛ ከሜዳ ያወጣችው እሷ ናትና፡፡

በመጀመሪያ ነገሩን እንረዳው፡፡ ትከሻ ከሰውነታችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዙ አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ነው፡፡ ይህን ነጻነት ያገኘው ደግሞ ጥልቀት በሌለው ጎድጓዳ ላይ ስለተቀመጠ ነው፡፡ ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ አስቀምጡ፤ የክንድ አጥንት ራስና ትከሻ የሚገናኙት እንደዚያ ነው፡፡ ብርቱካኗ እንዳትንሸራተት ዙሪያዋን ጨብጠው የሚይዙት አራት ትናንሽ ጡንቻዎችና ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዟቸው ጅማቶች ናቸው፡፡ በሕክምናው ቋንቋ ሮቴተር ካፍ ይባላሉ፡፡ እጃችንን ወደ ላይ ስናነሳ፣ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ስናዞር ሥራው የነሱ ነው፡፡ ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከላይ በኩል በአጥንቶች መሃል ሾልኮ የሚያልፈው ሱፕራስፒናተስ የሚባለው ነው፡፡ ሳላህ የጎዳው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘውን ጅማት ነው፡፡ ይሄኛው ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ነው፡፡ በአማርኛችን ሁለቱም «ጅማት» ቢባሉም ሕክምናቸው አንድ አይደለም፡፡

የበረኛን ሥራ እስቲ አስቡት፡፡ ወደ ጎን ተወርውሮ ሲወድቅ መሬቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ትከሻውን ነው፡፡ ሜዳው ደረቅና ጠጣር ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው፡፡ ከላይ የሚመጣ ኳስ በቡጢ ሲመታ፣ እጁን ዘርግቶ ሲጠልፍ፣ ኳስ እስከ መሃል ሜዳ ሲወረውር፣ ሁሉም እዚያችው ጅማት ላይ ነው የሚያርፈው፡፡ በልምምድ ደግሞ ይህንኑ በቀን ስንቴ ይደጋግመዋል! አንዳንዱ በአንድ አወዳደቅ ድንገት ይቀደድበታል፡፡ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ገመድ ቀስ በቀስ እየተላላጠ ይሄዳል፡፡

ምልክቱ ግልጽ ነው፡፡ ሕመሙ ከትከሻው ይልቅ በላይኛው ክንድ የውጭ ጎን ላይ ይሰማል፡፡ እጅ ወደ ጎን ሲነሳ መሃል መንገድ ላይ ሲደርስ ይወጋል፡፡ ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም፡፡ ዕቃ ከመደርደሪያ ማውረድ፣ እጅን ወደ ኋላ አዙሮ ቀበቶ ማስገባት ፈተና ይሆናል፡፡ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ደግሞ እጁ ጭራሽ አልነሳ ሊል ይችላል፡፡

ከታችኛው ሊግ አንድ በረኛ አውቃለሁ፤ ስሙም ክለቡም ይቆይ፡፡ ሌሊት ትራስ ደርቦ ተደግፎ ነው የሚያድረው፡፡ ማሊያውን ሲለብስ የታመመውን እጅ መጀመሪያ ያስገባል፣ ሲያወልቅ መጨረሻ ያወጣዋል፡፡ አውቶቡስ ላይ ከላይ ያለውን መያዣ በዚያ እጁ አይጨብጥም፡፡ ይህን ሁሉ ብልሃት ማንም አላስተማረውም፤ ሕመሙ ነው ያስተማረው፡፡ ለአሰልጣኙ ግን አልተናገረም፡፡ ኮንትራቱ በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፣ ቤተሰብ አለው፣ ሁለተኛው በረኛ ደግሞ ወጣትና ጤነኛ ነው፡፡ ራጅ ተነስቶ «አጥንትህ ደህና ነው» ተብሏል፡፡ ታዲያ ምን ብሎ ይናገር?

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፡፡ ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፡፡ የተቀደደን ጅማት በቀጥታ አያሳይም፡፡ «ራጁ ንጹህ ነው» ማለት አጥንቱ አልተሰበረም ማለት እንጂ ትከሻው ደህና ነው ማለት አይደለም፡፡ ጅማቱን ለማየት አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል፡፡ ከዚያም በፊት ክንዱን በእጁ ይዞ በየአቅጣጫው ጥንካሬውን የሚፈትሽ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ያስፈልጋል፡፡

ወጌሻዎቻችንን በክብር ነው የማነሳቸው፡፡ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ስንቱን አቁመዋል፤ በእኛ አገር ኳስ የቡድኑ የሕክምና ሰው ሁሉ «ወጌሻ» ተብሎ የሚጠራውም ለዚህ ነው፡፡ ነገር ግን የተቀደደ ጅማት ወደ ቦታው የሚመለስ አጥንት አይደለም፡፡ ተጎትቶ አይገባም፤ ታሽቶም አይሰፋም፡፡ እንዲያውም አዲስ ጉዳት ላይ ትከሻን በኃይል መጎተት በከፊል የተቀደደውን ሊያባብሰው ይችላል፡፡ የወለቀ ትከሻ ከሆነም ለማስገባት የሚሞክረው የሠለጠነ ባለሙያ መሆን አለበት፤ በአካባቢው ነርቭና የደም ሥር አለና፡፡

መርፌውስ? ኮርቲዞን የሚባለው መርፌ በአግባቡ ሲሰጥ ሕመሙን ለሳምንታት ሊያበርደው ይችላል፡፡ ተጎጂው ስፖርቱን እንዲሠራ ፋታ ይሰጠዋል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው፡፡ የተቀደደውን ግን አይሰፋም፡፡ ሲደጋገም ደግሞ ጅማቱን ሊያዳክም ይችላል፡፡ ተወግቶ እሁድ ጨዋታ መግባት ማለት መኪና ላይ ቀይ መብራት ሲበራ አምፖሉን ነቅሎ መንዳት ማለት ነው፡፡ ከፋርማሲ እየገዙ እንደ ከረሜላ የሚወሰደው ዲክሎፌናክም እንደዚያው ነው፡፡ ለጥቂት ቀን ያግዛል፤ ሲበዛ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፡፡

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው? ለአብዛኛው ሰው መልሱ አሰልቺ ነው፤ ትዕግስትና ስፖርት፡፡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ማድረግና ከሚያሳምመው እንቅስቃሴ መቆጠብ፡፡ እጅን ለወር አስሮ ማስቀመጥ ግን አይመከርም፤ ትከሻው ደርቆ ይቀራል፡፡ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ እጅን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ማወዛወዝ፣ ጣትን ግድግዳ ላይ እያስኬዱ እጅን ከፍ ማድረግ ይመጣል፡፡ ሕመሙ ሲቀንስ ክርንን ጎን ላይ አጣብቆ ላስቲክ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ መሳብ፣ የጀርባ ጡንቻዎችንም ማጠንከር ነው፡፡ ውጤቱ ለመታየት ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፡፡ ለዚህ ዘመናዊ ጂም አያስፈልግም፡፡ የሚያስፈልገው ላስቲክ፣ ግድግዳና ተከታትሎ የሚያርም ፊዚዮቴራፒስት ነው፡፡

ሁሉም በስፖርት ይድናል ማለት ግን አይደለም፡፡ አንድ ወጣት በረኛ ወድቆ በዚያው ቅጽበት እጁን ማንሳት ካቃተው በቀናት ውስጥ በሐኪም መታየት አለበት፡፡ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት ሲቆይ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ ጡንቻው ይከሳል፣ በስብም ይተካል፡፡ ያኔ መስፋቱም ይከብዳል፡፡ ቀዶ ጥገናው ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ይሠራል፡፡ ከዚያ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እጅ በማንገቻ ይታሰራል፤ ወደ ሜዳ ለመመለስ ደግሞ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፡፡ አቋራጭ የለውም፡፡

ቅዳሜና እሁድ ለምትጫወቱ የጤና ቡድን አባላትም አንድ ቃል አለን፡፡ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይህ ጅማት ራሱ ያልቃል፤ ከ60 በላይ የሆኑ ብዙ ሰዎች ሳያውቁት ተቀዶባቸው ይኖራሉ፡፡ ሕመም ከሌለና እጅ የሚሠራ ከሆነ ኤምአርአዩ ላይ ቀዳዳ ታየ ተብሎ ቢላ አይፈለግም፡፡ የሚታከመው ሰውየው ነው እንጂ ፎቶው አይደለም፡፡

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንሂድ፡፡ በዓለም ዋንጫ ታሪክ የትከሻ ጀግና ማነው ቢባል ሁላችንም ፍራንዝ ቤከንባወር እንላለን፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970 ሜክሲኮ ላይ ከጣሊያን ጋር በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ትከሻው ተጎድቶ፣ ቡድኑ ቅያሪ ስለጨረሰ እጁን ደረቱ ላይ አሳስሮ ተጫወተ፡፡ ምስሉ እስከ ዛሬ ይታያል፡፡ ነገር ግን ሁለት ነገር እንዘነጋለን፡፡ አንደኛ፣ ቤከንባወር በረኛ አልነበረም፤ በረኛ እጁን አሳስሮ አይጫወትም፡፡ ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 እዚያው ሜክሲኮ የእንግሊዙ አምበል ብራያን ሮብሰን የተጎዳ ትከሻውን ደግፎ ገብቶ በሞሮኮው ጨዋታ ዳግም ወለቀበት፤ ዓለም ዋንጫውም እዚያው ላይ አበቃለት፡፡ የቤከንባወርን ፎቶ እንሰቅላለን፣ የሮብሰንን እንረሳለን፡፡

የሚጠቅመን ምሳሌ ኒክ ፖፕ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት ከእንግሊዝ ጋር ሩሲያ ደርሶ ተመለሰ፤ ወዲያው በጁላይ በርንሌይ ከአበርዲን ጋር ሲጫወት ትከሻው ወለቀ፡፡ ክለቡ «ታግለህ ግባ» አላለውም፡፡ ጆ ሃርትን አስፈረመ፣ ፖፕ ደግሞ ታከመ፡፡ በ2019/20 ሲመለስ 38ቱንም የፕሪምየር ሊግ ጨዋታዎች ተሰልፎ በ15ቱ ጎል አልገባበትም፡፡ በዲሴምበር 2023 በኒውካስል ማሊያ ትከሻው እንደገና ሲወልቅም ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ለወራት ተጠበቀ፡፡ የሮቴተር ካፍ ነገር ከተነሳ ደግሞ ከኳስ ወጣ ብለን ማሪያ ሻራፖቫን እናስታውስ፡፡ በ2008 የተቀደደ ጅማቷን በቀዶ ጥገና አሠራች፤ ወደ ሜዳ ስትመለስ ደረጃዋ ከመቶ በታች ወርዶ ነበር፡፡ ግን በ2012 የፈረንሳይ ኦፕንን በላች፣ በ2014 ደገመችው፡፡ ትከሻ ይድናል፤ ጊዜው ከተሰጠው፡፡

ይህን ጊዜ የሚሰጠው ማነው? ክለቡ ነው፡፡ «የእንግሊዝ ክለብ ገንዘብ አለው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፡፡ የምንጠይቀው ግን ሚሊዮን አይደለም፡፡ በረኞች ከልምምድ በፊት አሥር ደቂቃ ላስቲክ እንዲስቡ ማድረግ ስንት ብር ይፈጃል? ትከሻው ተጎድቶ ራጁ ንጹህ የሆነ ተጫዋች አልትራሳውንድ እንዲነሳ መላክስ? አንድን በረኛ አበላሽቶ ሌላ ከማስፈረም ይረክሳል፡፡

ከሁሉ በላይ ሁለት ነገሮች ይጻፉ፡፡ አንዱ፣ ተጫዋቹ ይግባ አይግባ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ አሰልጣኙ አይሁን፡፡ መለኪያውም ቀኑ አይደለም፤ እጁ ያለ ሕመም ሙሉ በሙሉ መነሳቱ፣ ጥንካሬውም ከጤነኛው ጋር መስተካከሉ ነው፡፡ ሁለተኛው፣ በሥራ ላይ የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን ደሞዙም ሕክምናውም እንደማይቋረጥ ኮንትራቱ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፡፡ ፌዴሬሽኑም ያንን አይቶ ያጽድቅ፡፡ ይህ ካልሆነ ያ በረኛ ነገም ይደብቃል፡፡ የሚደብቀው ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን እንጀራው ስለሆነ ነው፡፡

እኛም ደጋፊዎች ድርሻ አለን፡፡ በረኛው ከፍ ያለ ኳስ በአንድ እጁ ብቻ ሲሞክር፣ በአንድ ጎን መውደቅ ሲፈራ «ፈሪ!» ብለን ከመጮሃችን በፊት እንጠይቅ፡፡ ምናልባት ትናንት ሌሊት አልተኛ ይሆናል፡፡ ምናልባት «አልተሰበረም» ተብሎ ይሆናል፡፡

ክለቦቻችን ሆይ፣ ከእንግዲህ «ተሰብሯል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፡፡ «እጅህን አንሳ እስቲ» በሉት፡፡ ካልተነሳ ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ሐኪም ላኩት፡፡

ቸር እንሰንብት!