ልጃችን የበረዶ ሰሌዳና ጠንካራ ጫማ ግዙልኝ ሲለን

ክረምቱ ገብቶ በሄርሞን ተራራ ላይ ሼሌግ ወረደ ሲባል ልጆቻችን እንደ እኩዮቻቸው ለመሄድ ይቸኩላሉ። አብዛኞቹ አንድ ቀን ተጫውተው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ግን ነገሩ ልባቸው ውስጥ ይገባና «የራሴ ሰሌዳ፣ የራሴ ጫማ ይገዛልኝ» ማለት ይጀምራሉ። በዚህ ጊዜ ወላጆች የሚጠይቁን ሦስት ነገር ነው። ይህ ነገር ምንድን ነው? ገንዘባችንን አያስበላንም ወይ? ልጃችንንስ አይሰብርብንም ወይ? በዛሬው ዓምዳችን ሦስቱንም በየተራ እንመለከታለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

በአገር ቤት በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር እየተወረወረ የሚመጣውን፣ ሰብል የሚመታውን ጠጠር ነው። ሼሌግ ግን እንደ ባዘቶ ለስልሶ ይወርድና መሬት ላይ ይደራረባል። በስሜን ተራሮች፣ በራስ ዳሽን አካባቢ የኖሩ ሽማግሌዎች አልፎ አልፎ አይተውታል። በሄርሞን የመንሸራተቻው ስፍራ ከፍተኛው ቦታ ወደ 2,040 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከተማ ከዚህ ከፍ ብላ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች። ሆኖም ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ሼሌግ አይተኛባትም። ስለዚህ ዳገትና ቁልቁለት ለእኛ አዲስ ባይሆንም በሼሌግ ላይ መሄድ አዲስ ትምህርት ነው።

ጨዋታው ራሱም የቆየ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ ሼርማን ፖፐን የተባለ አባት ሁለት ስኪዎችን ጎን ለጎን አጣምሮ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራላቸው። ከዚያ ተነስቶ አድጎ በ1998 በጃፓን ናጋኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። ዛሬ ስኖውቦርድ ይባላል። ሁለቱም እግሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ይታሰራሉ፤ ሰውየውም ወደ ጎን ቆሞ ቁልቁል ይወርዳል።

ስኖውቦርድ በጫማው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በለስላሳ ጫማ የሚሠራበት ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበትና ኪራይ ቤቶች በብዛት የሚይዙት ይህንን ነው። ሁለተኛው በጠንካራ ጫማ ነው። ጫማው ከውጭ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ የሚወልቅ ለስላሳ ሽፋን ያለው ሲሆን የስኪ ጫማ ይመስላል። ሰሌዳውም ጠባብና ረዘም ያለ ነው። የለስላሳው ጫማ ሰሌዳ ወገቡ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የዚህኛው ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሴንቲ ሜትር ነው። በኦሎምፒክ ሁለት ሁለት ሆነው በባንዲራ መካከል እየተጠማዘዙ የሚሽቀዳደሙት በዚህ ነው። የቼክ ተወላጅዋ ኤስተር ሌዴትስካ በ2018 በደቡብ ኮርያ በስኪም በዚህ ሰሌዳም ወርቅ አግኝታለች።

ልጆቹ «ካርቪንግ» የሚሉት የዚህ ዓይነቱ ዋና ጥበብ ነው። ጀማሪ ሲዞር ሰሌዳው ወደ ጎን እየተንሸራተተ በረዶውን ይጠርጋል። ካርቪንግ የሚችል ግን ሰሌዳውን በጎኑ ባለው የብረት ጠርዝ ላይ ያቆመዋል። የሰሌዳው ወገብ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ስለሆነ ሲያጋድል ራሱ ክብ መንገድ ይይዛል። ኋላ ዞር ብለን ስናይ በበረዶው ላይ የቀረው ፈለግ በእርሳስ የተሰመረ ያህል ቀጭን ነው። ፈለጉ ሰፊና የተጠረገ ከሆነ ገና አልተቻለም ማለት ነው። ወላጅ ስኖውቦርድ ባያውቅም የልጁን እድገት በዚህ ሊለይ ይችላል።

መጀመሪያ ትምህርት፣ ኋላ ግዢ

ምክራችን ይህ ነው፦ ለጀማሪ ልጅ ጠንካራውን ዕቃ አትግዙ። መጀመሪያ በኪራይ ለስላሳ ጫማና ሰሌዳ፣ በአስተማሪ፣ ብዙ ቀን ይልመድ። በሁለቱም ጠርዝ መቆም፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ በፈለገበት ቦታ መቆም ሲችል ስለ ጠንካራው ጫማ ማሰብ ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ወደ ጠንካራው ሲሸጋገርም እንደገና ገር በሆነ ቁልቁለት መጀመር አለበት። ጉልበትን ማጠፍ እንጂ ወገብን ማጎንበስ አይጠቅምም። ዓይን የሚመለከተው ወደሚሄድበት አቅጣጫ እንጂ ወደ ሰሌዳው አፍንጫ አይደለም። ካርቪንግ የተደለደለና ጠጠር ያለ በረዶ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳያቀልጠው በጠዋት ይሻላል። ደግሞም ይህ ሰሌዳ ከሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰፊ ዙር ስለሚሠራ፣ ከመዞሩ በፊት ወደ ላይ መመልከትን ልጁ ልማድ ያድርገው። የበረዶ ሜዳ ሕግ ከፊት ላለው ሰው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሆኖም ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ሕጉን ያከብራል ብሎ መተማመን አይገባም።

ዕቃው ሲመረጥ

ጊዜው ደርሶ ዕቃ የሚፈለግ ከሆነ ከሰሌዳው በፊት ጫማው ይታሰብ። የዚህ ጫማ ቁጥር እንደ ተራው ጫማ 41 ወይም 42 ሳይሆን የእግሩ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ነው። ልጁ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ ይቁምና እስከ ረጅሙ ጣቱ ይለካ። 26 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቁጥሩ 26 ነው። ከዚያም የውስጡ ሽፋን ይውጣና እግሩን በባዶው ፕላስቲክ ውስጥ ያስገባ። ጣቶቹ ከፊት ሲነኩ ከተረከዙ በስተኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ክፍት ቦታ ቢኖር ልኩ ነው።

ልጅ ያድጋል ብሎ ሁለት ቁጥር አስበልጦ መግዛት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ለሹራብ ይሆናል፤ ለዚህ ጫማ ግን አይሆንም። እግሩ ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ልጁ ሰሌዳውን ማዘዝ አይችልም፤ ሊጎዳም ይችላል። ሁለት ካልሲ ደርቦ ማጥበቅም እግርን ከማሳመም በቀር አይረዳም፤ አንድ ስስ ካልሲ ይበቃል። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከመግዛት ይልቅ መከራየት ወይም መዋስ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጫማውን ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኘው የብረት ማሰሪያ ነው። ፈረስ የጋለቡ አባቶች የእርካብን ነገር ያውቃሉ፤ ካልተስተካከለ ጋላቢው አይደላደልም። እዚህም እንዲሁ ነው። እግሮቹ ወደ ፊት ዞረው ይታሰራሉ፤ የተለመደው ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ሲሆን የኋላው እግር ከፊተኛው ትንሽ ያንሳል። ምክንያቱም ሰሌዳው ጠባብ ስለሆነ ጫማው አግድም ከቆመ ጫፉ ከዳር ወጥቶ በረዶውን ይነካል፤ ልጁንም ይጥለዋል።

አሮጌ ዕቃ ሲገዛ በተለይ ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ፕላስቲክ በዕድሜና በፀሐይ ይደርቃል፤ ሲያዩት ደህና የሚመስል አሮጌ ጫማ በቁልቁለት መካከል ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ስንጥቅ መኖሩን፣ የስንት ዓመት ዕቃ መሆኑንም ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ጫማውን ከፊትና ከኋላ የሚይዙት ብረቶች መጣመማቸውን፣ ብሎኖቹም ሁሉ መኖራቸውን ተመልከቱ። ሦስተኛ፣ የሰሌዳው ቀዳዳና የማሰሪያው ቀዳዳ መግጠሙን አረጋግጡ። የብዙዎቹ ባለ አራት ቀዳዳ ነው፤ አንዳንድ የቆዩ የበርተን ሰሌዳዎች ግን ባለ ሦስት ቀዳዳ ናቸው። ዋጋው ረከሰ ተብሎ የማይገጥም ዕቃ ቢገዛ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ገንዘቡና ሕጉ

ጫማው፣ ማሰሪያውና ሰሌዳው አዲስ ሲገዙ በጠቅላላው ብዙ ሺህ ሼቄል ይፈጃሉ። ሻጩ «በታሽሉሚም ትከፍላላችሁ» ቢልም የወሩ ክፍያ ስላነሰ ዕቃው ረከሰ ማለት አይደለም። ጠቅላላውን ድምር ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉት፤ ከቤት ኪራይ፣ ከመብራትና ከምግብ የሚተርፈውንም አጠገቡ ጻፉ።

ከነጋዴ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በእስራኤል ሕግ መሠረት በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ኦሌ ሐዳሽ ሆኖ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ፣ ግዢው የተፈጸመው ከነጋዴው ጋር በመነጋገር ወይም በመጻጻፍ ከሆነ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ያለ ጉድለት በሃሳብ ለውጥ ብቻ ሲሰረዝ ነጋዴው የሚቀንሰው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። ዕቃው ግን መበላሸት የለበትም። ይህን መብት ብዙ ቤተሰቦች አያውቁትም። ከግለሰብ በእጅ ለእጅ የተገዛ አሮጌ ዕቃ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት በደንብ ፈትሹት።

የልጁ ደህንነት

ያለ ቃስዳ ማንም ልጅ ወደ በረዶው አይውጣ። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ የእጅ አንጓ ስብራት የተለመደ ጉዳት ነው፤ የአንጓ መከላከያ ይደረግለት። የፀሐይ ብርሃን ከበረዶው ተመልሶ ዓይንን ስለሚያቃጥል መነጽር ያስፈልጋል። ቆዳችን ጥቁር ቢሆንም የፀሐይ ቅባት መቀባት ይገባል።

ከትምህርት ቤት ወይም ከማትናስ ወደ ሄርሞን ጉዞ ሲዘጋጅ የወላጅ ፈቃድ ወረቀት በዕብራይስጥ ይላክላችኋል። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ልጁ ራሱ እንዲተረጉምላችሁ ማድረግም አይመከርም፤ መሄድ የሚፈልገው እሱ ነውና። አስተማሪውን፣ የማትናሱን ሠራተኛ ወይም እኛን ጠይቁ። የተማሪዎች የአደጋ ቢቱዋሕ ይህን መሸፈኑንም ከትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ልጁ ወደ ውጭ አገር ለበረዶ የሚሄድ ከሆነ ተራው የጉዞ ቢቱዋሕ አይበቃም፤ የክረምት ስፖርት ተጨማሪ ክፍያ ይኑረው። አደጋ ቢደርስ የማጌን ዳዊድ አዶም ስልክ 101 ነው።

እንዴት እንመልስለት?

«ይህ የእኛ ሰው ጨዋታ አይደለም» ብለን በአንድ ቃል ባንዘጋበት መልካም ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። ልጁ የሚፈልገው ሰሌዳውን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር እኩል መቆምንም ይፈልግ ይሆናል። እንቢ ቢባል እንኳ ምክንያቱ ቢነገረው አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ሳይሰሙት እንቢ ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁን ቁጭ አድርጋችሁ «ዘንድሮ በኪራይ ስንት ቀን ትማራለህ? ከበዓል ሥራህ ምን ያህል ታጠራቅማለህ? እኛስ ምን ያህል እንጨምራለን?» በሉት። የተስማማችሁበትን በወረቀት ጻፉና በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። ወደ ሄርሞን ከመሄዳችሁ በፊትም ስፍራው በዚያ ቀን ክፍት መሆኑን በስልክ ጠይቁ፤ በአየር ጠባይ ወይም በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ይችላልና። ሰላም ሰንብቱ።