ቴስታታ በቤት ሲፈታ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ የጋራዥ ሒሳብ ሲበዛበት፥ «እኔስ ብፈታው?» ማለቱ አይቀርም። እኔም አልሁ።

የራዲያተሩን ውሃ ሳላይ ጣርማ በርን ስወጣ አሮጌዋ መኪናዬ ፈላች። በማግሥቱ ዘይቷ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ አገኘሁት፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃው ከዘይቱ ገብቷል ማለት ነው።

ሁለት ቀን ለፍቼ ፈታሁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን አነጠፍሁ፤ ዘይቱን ለወጥሁ፤ ቡሎኖቹንም ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ባለ በሌለ ኃይሌ አጠበቅሁ። ሞተሩ ተነሣ፤ እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን ነጩ ጢስ ተመለሰ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ይኸው ባሰኝ።

አፍሬ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠየቅሁ። «ልጄ፥ ቴስታታ ሲፈታ ከዳር ወደ መካከል፥ ሲታሰር ከመካከል ወደ ዳር ነው፤ ያውም በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን በሁለት በሦስት ዙር፥ ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ። ከሁሉ በፊት ግን ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህ መጣመሙን እይ» አሉኝ። ባየው በሙቀቱ ጠሞ ኖሯል፤ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላግሁት። አንድ ጊዜ የታሰረ ጓርኒሲዮን አይደገምምና ሌላ ገዛሁ።

አሁን መኪናዋ ትሄዳለች። ገንዘብ ተርፎህ ይሆን? ለምትሉኝ አንባቢዎቼ፦ ጥቂት። መፍታትማ ማንም ይፈታል፤ ሙያ በመግጠም ነው።