ስለ ጅግራ እንቍላልና ስለ ትዕግሥት

ድሬዳዋ ቈላ ናት፤ የቈላ ቍጥቋጦም የጅግራ አገር ነው። ጅግራን በቤት ማርባት መልካም ሥራ ነው፤ ሥጋዋና እንቍላልዋ ምግብ ይሆናሉ፥ ተባይም ትለቅማለችና። ነገር ግን ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።

አንዳንድ ሰው «የድሬዳዋ ሙቀት ይበቃል፤ እንቍላሉ የሚታቀፈው አያሻውም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የቀትር ፀሐይ ጽንሱን ይገድለዋል፥ የሌሊትም አየር ያቀዘቅዘዋል። እንቍላል የሚሻው ሌትና ቀን የማይለዋወጥ ሙቀት ነው። ይህንንም ታቅፋ የምትቀመጥ የቤት ዶሮ ትሰጠዋለች።

ዶሮ የራስዋን እንቍላል በ21 ቀን ትፈለፍላለች፤ የጅግራ እንቍላል ግን ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ችኩል ሰው በ22ኛው ቀን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ በውስጡ ግን ነፍስ ያለው ጫጩት ነበረ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የተሰበረ እንቍላል ግን አይለቀምም። ዶሮይቱ ቍጥር ሳታውቅ ትታገሣለች፤ ቍጥር የተማረ ሰው ከእርስዋ ሊያንስ አይገባውም።

ከተፈለፈሉም በኋላ ጫጩቶቹን ብርድና እርጥበት ፈጥኖ ይገድላቸዋል። ስለዚህ በደረቅ ስፍራ ይቀመጡ፤ የደቀቀ እህልና ምስጥ ይሰጣቸው። እንዳይሰጥሙም የውኃቸው ዕቃ ጥልቀት አይኑረው፥ ጠጠርም ይጨመርበት።

ነፍስ ያለውን ፍጥረት ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው ጊዜውን ሊጠብቅለት ይገባል። አንድ ሳምንት መታገሥ ያቃተው ሰው ሕያዉን እንደ ሙት ቈጥሮ ይጥላልና።