ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ ሲቪያችሁስ ምን ይላል?

ዛሬ የምናወራው ስለ ሥራ ነው። በተለይ ኤንጂኦ ውስጥ፣ በሶሻል ወርክ፣ በማኅበረሰብ ጤና፣ በሕፃናት ጥበቃ ወይም ስደተኞች ጋ ለሠራችሁ፣ ወይም ገና ልትገቡበት ለምታስቡ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እናስታውስ። በ2017 ዓ.ም. ልክ በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን፣ ዶናልድ ትራምፕ ሥልጣን በያዙበት ዕለት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ለ90 ቀን እንዲቆም ፈረሙ። ብዙም ሳይቆይ የእኛው ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ገደማ ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። መጋቢት 1 ቀን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ 83 በመቶ የሚሆኑት የዩኤስኤድ ፕሮግራሞች መሰረዛቸውን አሳወቁ። ሰኔ 24 ላይ ደግሞ ዩኤስኤድ ራሱ በሩን ዘጋ። ኢትዮጵያ ከዚያ ድርጅት በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ታገኝ የነበረች አገር ናት።

በዚህ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩት አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡ አስተባባሪዎች ብቻ አልነበሩም። ወረዳ ላይ ቤት ለቤት የሚዞሩ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ካርድ የሚያገላብጡ፣ ካምፕ ውስጥ ከሕፃናት ጋር የሚውሉ ብዙ ወጣቶች ነበሩበት።

ውጤቱን በቴሌግራም የሥራ ቻናሎች ላይ እያያችሁት ነው። አንድ የፊልድ ኦፊሰር ቦታ ሲወጣ 8 ዓመት የሠራውም፣ ዘንድሮ የተመረቀችውም እኩል ይሰለፋሉ። አዲሷ ተመራቂ «ልምድ ካለው ሰው ጋር እንዴት ልወዳደር?» ትላለች። ልምድ ያለው ደግሞ «በግማሽ ደመወዝ ከሚገባ ልጅ ጋር እንዴት ልወዳደር?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ሰሞኑን ሥራ የፈቱ ወዳጆቻችንንና የአዲስ ተመራቂዎችን ሲቪ ሰብስበን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። በጣም ይመሳሰላሉ! 8 ዓመት የሠራ ሰውና ገና ከካምፓስ የወጣች ልጅ አንድ ዓይነት ሲቪ ሊኖራቸው አይገባም ነበር። ግን ሁለቱም ኮምፒውተር ቤት ከሚሸጠው አንድ ፎርማት የተቀዱ ናቸው። «ታታሪ»፣ «በቡድን መሥራት የሚችል»፣ «ጫናን የሚቋቋም» ይላሉ። ከዚያ የድርጅቱ ስም፣ የፕሮጀክቱ ስም፣ የለጋሹ ስም ይከተላል። ሰውየው ራሱ ምን እንደሠራ ግን የለም።

ዋናው ችግር ይሄ ነው ብለን እናምናለን። ፕሮጀክት ሲዘጋ ስሙም አብሮት ይጠፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲቪያችሁን የሚያነበው ሰው ያ ረጅም ምህጻረ ቃል ምን እንደነበር አያውቅም። እናንተ ጋ የሚቀረው የምታውቁት ሥራ ነው። ወረቀቱ ላይ መውጣት ያለበትም እሱ ነው።

የሰኞ ጠዋት ጥያቄ

አንዲት ወዳጃችን በኤችአይቪ ፕሮጀክት ውስጥ 5 ዓመት ሠርታ ነው ሥራዋ የተቋረጠው። ሲቪዋ ላይ «በማኅበረሰብ እንቅስቃሴዎች ላይ ተሳትፌያለሁ» የሚል አንድ መስመር ነበር። በቃ፣ 5 ዓመት በአንድ መስመር።

«እሺ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስትገቢ ምን ነበር የምትሠሪው?» ብለን ጠየቅናት። ሃያ ደቂቃ አወራች። ከጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚወስዱበት ቀን ያለፈባቸውን ሰዎች ዝርዝር ትቀበላለች። ስልክ ትደውላለች። የማያነሱትን ሰፈራቸው ድረስ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ፕሮጀክቱ የሰጣትን ጃኬት አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ ጎረቤት ለምን እንደመጣች እንዳያውቅ ብላ። ሰውየው ለምን እንዳቋረጠ ትሰማለች። አንዱ የትራንስፖርት አጥቶ ነው፣ ሌላዋ ባሏ እንዳያውቅባት ፈርታ ነው። ከዚያ እንደየችግራቸው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ እድሩ ታገናኛለች። በሳምንቱ ተመልሳ ታያለች።

ልብ በሉ፣ ኬዝ ማኔጅመንት የሚባለው ይሄው ነው። ሪፈራል፣ ክትትል፣ ሚስጥር ጥበቃ፣ የምክር አገልግሎት ሁሉም አለበት። ማስታወቂያዎቹ ላይ የሚጠየቀው በሙሉ እሷ ጋ አለ። ሲቪዋ ላይ ግን አንዱም አልነበረም። የጃኬቷ ነገር ብቻውን እንኳ ለሚስጥር ጥበቃ ከየትኛውም ሥልጠና ሰርተፍኬት በላይ ይናገራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ተዉት። ስልካችሁን አንሡና ሰኞ ጠዋት የምትሠሩትን ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በድምፅ ቅዱ፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ አፋችሁን በፈታችሁበት ቋንቋ። ኤንጂኦዎች ሲቪ የሚፈልጉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙዎቻችን በቀጥታ በእንግሊዝኛ እንጀምርና ሁሉንም መስመር «ሪስፖንሲብል ፎር» ብለን እንከፍታለን። ያ ቃል የተሰጣችሁን ኃላፊነት ይናገራል፤ ሥራውን መሥራታችሁን ግን አይናገርም። መጀመሪያ በራሳችሁ ቋንቋ አውሩት፣ ከዚያ ተርጉሙት።

አንድ መስመር ምን ይዞ ይምጣ?

አራት ነገር ይበቃዋል፦ ምን ሠራችሁ፣ ለማን፣ የት፣ ምን ተለወጠ።

የወዳጃችን አዲስ መስመር እንዲህ ሆነ፦ «በአንድ ክፍለ ከተማ በ3 ጤና ጣቢያዎች ሥር መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎችን በስልክና በቤት ጉብኝት እከታተል ነበር፤ በወር በአማካይ 25 ሰው፤ አብዛኞቹ ወደ ሕክምናቸው ተመልሰዋል።» ቁጥሩ የእሷ ነው፣ ከራሷ ደብተር የወጣ። እናንተም የራሳችሁን አውጡ። የማታስታውሱ ከሆነ ከወርሃዊ ሪፖርቶቻችሁ ፈልጉ። እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ቁጥር ግን ተዉት። ቃለ መጠይቅ ላይ «ይሄን እንዴት ቆጠርሽው?» ሲባል መልስ የሌለው ቁጥር ከባዶ መስመር የባሰ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ። የረዳችሁትን ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ወይም ሰፈሩን ያወቀ ሰው የሚለይበትን ታሪክ ሲቪም ሆነ የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ አታስገቡ። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321 ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ የባለጉዳዩን ሚስጥር ሲቪ ላይ ያየ ቀጣሪ «ነገ የእኛንም እንዲህ ታወጣለች» ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያደርገዋል።

የማስታወቂያውን ቃል ተጠቀሙ

አንድ ማስታወቂያ ላይ ብዙ መቶ ሰው ሲያመለክት የመጀመሪያው አንባቢ እያንዳንዱን ሲቪ ቁጭ ብሎ አያጠናም። በማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ይፈልጋል። ማስታወቂያው «ሴፍጋርዲንግ» ካለና እናንተ «የሕፃናት ደኅንነት ደንብ» ብላችሁ የጻፋችሁት ያው ነገር ከሆነ በእነሱ ቃል ጻፉት። በኮቦ ቱልቦክስ መረጃ ሰብስባችሁ ከሆነ ስሙን ጥሩት፤ «ኮምፒውተር እችላለሁ» አትበሉ። ያልሠራችሁትን ግን አትጨምሩ። በዚህ ዘርፍ የቀድሞ አለቃን ደውሎ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ በተለይ ከሕፃናትና ከስደተኞች ጋር ለሚያሠራ ቦታ።

ቋንቋ ደግሞ መጨረሻ ላይ «ቋንቋዎች» በሚል አንድ ቃል አይቀበር። ጋምቤላ ላይ ኑዌርኛ የሚችል፣ ጅግጅጋ ላይ ሶማሊኛ፣ ሰመራ ላይ አፋርኛ የሚናገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይሠራል ማለት ነው። ለማኅበራዊ አገልግሎት ይህ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል። ከላይ፣ ከስማችሁ ብዙም ሳይርቅ አስቀምጡት። መናገር ብቻ ነው ወይስ መጻፍም? ለዩት።

በተቃራኒው የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ «ሙዚቃ ማዳመጥ እወዳለሁ» የሚለው ሁሉ ይውጣ። ማስታወቂያው ካልጠየቀ ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ገጽ ይበቃል።

ዲግሪ ወይም ደመወዝተኛ ልምድ ለሌላችሁ

ከእኛም ውስጥ ዲግሪ ሳይኖረው የሚሠራ አለ፣ ስለዚህ ይሄን ቀለል አድርገን አናየውም። «ቢያንስ ዲግሪ» የሚል ማስታወቂያ ላይ ሲቪ ብቻ በር አይከፍትም። ግን የማኅበረሰብ አመቻች፣ የመረጃ ሰብሳቢ፣ የበጎ ፈቃድ አስተባባሪ ቦታዎች ብዙ ጊዜ አካባቢውን ማወቅን ያስቀድማሉ። በክረምት በጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤት አድሳችሁ፣ ቀይ መስቀል ውስጥ አገልግላችሁ፣ በእድር ጸሐፊነት ገንዘብና መዝገብ ይዛችሁ ከሆነ ያ የሥራ ልምድ ነው። «የበጎ ፈቃድ» ብላችሁ በግልጽ ሰይማችሁ፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር፣ ልክ እንደ ደመወዝ ሥራ በአራቱ ነገሮች ጻፉት።

ቢሮው ሳይዘጋ

ፕሮጀክታችሁ በመዘጋት ላይ ከሆነ ይሄን ዛሬ አድርጉት። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ተቀበሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ቀጣሪው የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቢሮው ከተዘጋና ኤችአሩ ከተበተነ በኋላ ማን ጋ ትሄዳላችሁ? የአለቃችሁንም የግል ስልክና ኢሜይል ያዙ፤ የድርጅቱ ኢሜይል ከድርጅቱ ጋር ይዘጋል፣ ለምስክርነት የጻፋችሁት አድራሻም የማይመልስ ይሆናል።

ለምን ለቀቃችሁ ለሚለው «ፕሮጀክቱ በገንዘብ መቋረጥ ምክንያት ተዘጋ» በቂ ነው። አታፍሩበት፣ ረጅም ማብራሪያም አይፈልግም።

ሥራ ፈላጊው ሲበዛ ሌባውም ይበዛል። «ለምዝገባ»፣ «ለሥልጠና»፣ «ስምህን ሾርትሊስት ውስጥ ለማስገባት» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ቀጣሪ አይደለም። አትላኩ።

«ያለ ዘመድ ማን ይቀጠራል?»

ይሄን እንደምትሉን እናውቃለን። እውነት ነው፣ በትውውቅ የሚያልቅ ቦታ አለ። ሲቪ ደግሞ የጠፋ በጀት አይመልስም፤ ለ5 ሺህ ሰው 5 ሺህ ቦታ አይፈጥርም። ለዚያ መልስ መስጠት ያለበት የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞቹን በሌላ አገር በጀት ላይ ያቆመው አሠራር ነው፤ እሱን መጠየቃችንን አንተውም። ግን በትውውቅ የማያልቁ ቦታዎችም አሉ፣ እነዚያ ላይ ደግሞ የምትሸነፉት በአንድ መስመር ከሆነ ያሳዝናል። ያቺ ጃኬቷን የምታወልቅ ልጅ ዘርፉን ጥላ ከሄደች የማንን በር እንዴት ማንኳኳት እንደሚገባ የምታውቀውም አብሯት ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ያንን በአንድ ሳምንት ሥልጠና አያገኘውም።

ወዳጃችን እስካሁን አልተቀጠረችም። አዲሱን ሲቪ ከላከች በኋላ ግን ለአንድ የሕፃናት ጥበቃ ቦታ ተጠርታ ፈተና ተፈትናለች። ውጤቱን እየጠበቀች ነው፣ እኛም አብረናት።

እናንተ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አውጡና ሰኞ ጠዋት የምትሠሩትን ቅዱ። ሥራ የፈታ ጓደኛ ካላችሁም ይሄን ላኩለትና ጥያቄውን እናንተው ጠይቁት።