ጴጥሮስ ደረስን

ከደጀን ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ አዲስ አበባ ለሚገባ መንገደኛ፣ የጉዞው ማብቂያ ምልክት ሐውልት ነበር። አውቶቡሱ የእንጦጦን ቁልቁለት ጨርሶ ወደ አውቶቡስ ተራ ሲቃረብ አባቴ ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጎ «ተነሥ ልጄ፣ ጴጥሮስ ደረስን» ይለኝ ነበር። «አደባባይ» ወይም «ሐውልት» የሚል ቃል አይጨምርበትም።

በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልቱ ተነሥቶ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ተወሰደ። በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷልና ወቀሳ የለኝም። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ ሙዚየም ያለን ሐውልት የሚያገኘው ሊያየው አስቦ የሄደ ሰው ብቻ ነው። መንገድ ዳር ሲቆም ግን ጭነት የተሸከመውንም፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ያላነበበውንም ያገኛል። እጃቸው በሰንሰለት የታሰረ ጳጳስ ያየ ገበሬ «ምን አድርገው ነው?» ማለቱ አይቀርም። አጠገቡ የተቀመጠው ሰውም ይነግረዋል፤ በ1928 ዓ.ም. ፋሺስቶች የረሸኗቸው ለወራሪ ተገዙ አልልም ስላሉ ነው።

ወራሪው ይህን ያውቅ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ከአደባባዩ ነቅሎ ቀበረው፤ የይሁዳን አንበሳ ሮም ወስዶ አቆመው። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚያ በተማረከ አንበሳ ፊት ነው። ለጌጥ ብቻ የቆመን ነገር ማን ሌሊት ይቀብረዋል?

በእኛ ዘንድ ግን ሐውልት ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነሣው ቁመቱ ነው። (የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቁጥር አልጠላም።) በቸርችል ጎዳና የሚገኘው የትግላችን ሐውልት ዓምድ 50 ሜትር ያህል ነው። ኮከቡን ለማየት አንገቴን አቅንቼ አውቃለሁ፤ በልቤ የቀሩት ግን ከሥር፣ በግራና በቀኝ የተቀረጹት ሰዎች ናቸው።

እኔን ቢጠይቁኝ፣ ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ በላይ ዘለቀን አቆም ነበር። ጠመንጃውን መቅረጽ ቀላል ነው፤ አከራካሪው ገመዱ ነው። አምስቱን ዓመት ጠላት ያልያዘው አርበኛ፣ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ገመዱን ትተን ጠመንጃውን ብቻ ካቆምን የታሪኩን ግማሽ ቀበርን ማለት ነው፤ ጴጥሮስንም ያለ ሰንሰለታቸው ማን ያውቃቸዋል? ስለዚህ ገመዱ ይቀረጽ እላለሁ። ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ላይ ሞተሩን የሚያበርድ ሹፌር ወርዶ ፊቱን እየታጠበ «ይኼን ደግሞ ማን ሰቀለው?» ይበል። የአገራችን ሰው መልሱን አያጣውም።